የአሞርቲዛቶሪው ልክ

አስመራ፣ ጸጸራት
መስከረም 22 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለታዴዎስ፤

ሰላምታዬ ከአስመራ ተነስቶ ባለህበት አገር ይድረስህ። እኔ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባውና ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የስፌት ማኪናዬን ፔዳል ለመርገጥ እምቢ ብሎኝ አያውቅም፤ እምቢ የሚለው ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ብቻ ነው። ትግርኛ ማንበብ አይሆንልኝም ስላልክ በጃንሆይ ጊዜ በአለንጋ በተማርኩት አማርኛ እጽፍልሃለሁ። ስህተት ብታገኝ መምህሬን ውቀስ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አምና በምጽዋ በኩል የላክልን ላንድክሩዘር ሥራ ፈታ አታውቅም። ሾፌሩ መንግስትኣብ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከእዳጋ ሓሙስ ሰው ጭኖ፣ በከረንና በአፍዓበት አድርጎ ናቅፋ ይወጣል። መንገዱን አንተ አላየኸውም። መንገድ እንላለን እንጂ ወንዝ ጥሎት የሄደ ድንጋይ ነው። ስለዚህ መንግስትኣብ ባለፈው ክረምት ማኪናዋን ከፍ አደረጋት። ሸክሟን በሚችለው ባሌስትራ ላይ አንድ ብረት ጨመረ፣ ጎማዎቹንም በትልልቅ ለወጣቸው፤ አሁን ከበፊቱ አንድ ጋት ያህል ከፍ ብላለች። ድሮ ቃኘው ውስጥ ከአሜሪካኖቹ ጋር ይሠራ የነበረ መካኒክ ነው ያሳየው። እኔ ለመሳፈር በርጩማ ያስፈልገኛል።

ችግሩ የፊቶቹ ሁለት አሞርቲዛቶሪዎች መሞታቸው ነው። በየጎማው አጠገብ ቆመው የማኪናዋን ዝላይ የሚያበርዱት፣ ሆዳቸው ዘይት የሆነ ዘንጎች ናቸው። እነሱ ከሞቱ ወዲህ ማኪናዋ እንደ ፍየል ትዘላለች። ቅቤ የምትነግደው ደንበኛችን ወይዘሮ ኣብርሄት ባለፈው ጉዞ ጭንቅላቷ ጣሪያውን መትቶ ስትወርድ፣ «ሣህሊቱ፣ የቆረጥሽልኝ ቲኬት ነው ወይስ ፍርድ?» አለችኝ። እዚህ ገበያ ላይ የሚገኘው ደግሞ ከፍ ላላለች ማኪና የሚሆን ብቻ ነው። መንግስትኣብ ልኩን ራሱ ለክቶ በሲጋራ ካርቶን ላይ ጽፎልኛል፤ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለልህ። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሲንጠለጠል ከላይኛው ማሰሪያ እስከ ታችኛው 55 ሴንቲ፣ ማኪናዋ በእግሯ ስትቆም 45።

ለሱሪ የፈለግከውን ጋባርዲን አግኝቼልሃለሁ። የወገብህንና የቁመትህን ልክ ብቻ ላክልኝ፤ የቀረውን እኔ እጨምርበታለሁ።

የአባትህ አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ።

አክስትህ ሣህሊቱ


ቦሎኛ
ጥቅምት 18 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአሞይ ሣህሊቱ፤

የአባት እኅት በአስመራ አሞይ ትባላለች ብሎ ነፍሱን ይማረውና አባቴ አስተምሮኛል። እንግዲያውስ አሞይ፣ ካለሁበት ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ፤ የሚያምዎትን በቀስታ። እኔ በእርስዎ ጸሎት ደኅና ነኝ። ብርዱ ጀምሯል፤ መጋዘናችን ግን ሠራተኛ ስለቀነሰ የሁለት ሰው ዕቃ ስሸከም እሞቃለሁ።

ደብዳቤዎ ደርሶኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እስከ ሁለተኛው ገጽ ድረስ። መኪናዋን ከፍ እንዲያደርግ ማን ፈቀደለት? እኔ ሰባት ዓመት ሳጥን ተሸክሜ የገዛኋትን መኪና አንድ ሾፌር ብድግ ብሎ ይቀይራታል?

ለማንኛውም በሰፈራችን መለዋወጫ የሚሸጡ ሽማግሌ ዘንድ ሄጄ ነበር። ብዙ ጠየቁኝ። ምን ትጭናለች? በአሸዋ ነው በጠጠር? ስንት ሰዓት ሳትቆም ትሄዳለች? ዘይት ብቻ ያለበት አሞርቲዛቶሪ በረጅም የጠጠር መንገድ ላይ ይግልና እንደ ውሃ ይቀጥናል፤ ጋዝ የታከለበት ይሻላል አሉ። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ልኩ ነው። ከፍ ላለች መኪና አጭር ከገባላት ጎማው ሲወርድ ይወጠርና ይበጠሳል። ከልክ በላይ ረጅም ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ መግቢያ ቦታ ያጣና ራሱን በራሱ መትቶ ማሰሪያውን ይገነጥለዋል። «የለካው ማነው?» አሉኝ። ሾፌሩ ነው አልኳቸው። «እስቲ በመዝገብ እንየው» አሉ። አነጋገራቸውን አልወደድኩትም።

መዝገባቸውን ገልጠን አየን። ከፋብሪካው የወጣው ልክ 52 ነው። ሾፌርዎ 55 አለ። አሞይ፣ አንድ ጋት ማለት እኮ ስምንት ሴንቲ ነው። መኪናዋ ስምንት ከፍ ብላ አሞርቲዛቶሪው እንዴት በሦስት ብቻ ይረዝማል? 55 ማለት ከፍ ላላለች መኪናም እንደ ምንም ብሎ የሚገባ፣ ገበያ ላይ ፈላጊው የበዛ ልክ ነው። እኔ ስልክለት እሱ ይሸጠዋል፤ አሮጌውን ቀለም ቀብቶ ይገጥምልናል። እርስዎ ጎንበስ ብለው አያዩ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

ስለዚህ እሱ በሌለበት እርስዎ ራስዎ ይለኩልኝ። ሜትሮ ከአንገትዎ አይለይም፤ ከእርስዎ የተሻለ ለኪ በአስመራ ከየት ይመጣል? የእኔ ወገብ 84፣ የሱሪው ቁመት 104 ነው።

ድንግል ማርያም ከክፉ ሰው ትጠብቅልኝ።

ልጅዎ ታዴዎስ


አስመራ፣ ጸጸራት
ኅዳር 11 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለልጄ ለታዴዎስ፤

እንደምን ሰነበትክ? ብርዱስ? እኛ ዘንድ ጉም ሲወርድ ነው የሚበርደው፤ የናንተው ግን አጥንት ይበላል ይላሉ። ወፍራም ልበስ።

ደብዳቤህን አንብቤ መጀመሪያ በጣም ተናደድኩብህ። መንግስትኣብ አሥራ ሦስት ዓመት በሳሕል ተራራ የጭነት ማኪና የነዳ ሰው ነው፤ ያውም አውሮፕላን ፍራቻ መብራት ሳያበራ። ነጻነት ሲመጣ ከዚያ ሁሉ ዓመት ያተረፈው አንዲት ልጅና አንድ የጎደለ የግራ ጣት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሁለት ዘንግ ስሙን ይሸጣል ብዬ ማመን አቃተኝ።

ግን ወደይ፣ ልጄ፣ ጥርጣሬ የሚባለው ክፉ እንግዳ ነው፤ አንዴ ከገባ ተቀመጥ እስኪሉት አይጠብቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያላየሁትን ማየት ጀመርኩ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መንግስትኣብ በጓሮ በር በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ይወጣል። «ምንድን ነው?» አልኩት አንድ ቀን። «ብረት ነው» አለኝ፤ ሌላ ቃል የለም። ሞተው ከማኪናዋ የወጡት አሮጌዎቹ አሞርቲዛቶሪዎች ከጓሮ ተጋድመው ነበር፤ ሄጄ ባይ የሉም። አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ኖሮ ምን ነበረበት? እንዳልጠየቅኩት ግን ሳስብ አደርኩ።

እሑድ ጠዋት እሱ እንዳ ማርያም ሊያስቀድስ ሲሄድ በሩን ዘጋሁና ክሪኩን አወጣሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ማኪና በክሪክ ሳነሳ ያየኝ ሰው የለም ብዬ ነበር። ለካ ለተገብርኤል የምትባለው ጎረቤቴ በግንቡ ላይ አንገቷን አስግጋ ኖሯል። «ሣህሊቱ፣ ሱሪ ልትሰፊላት ነው?» አለችኝ።

ከማኪናዋ ሥር ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። ሜትሮዬን ከላይኛው ማሰሪያ እስከ ታችኛው ዘረጋሁ፤ ጎማው ተንጠልጥሎ አንዴ፣ ማኪናዋን አውርጄ አንዴ። ወዲያው ተነስቼ የቆረጣ ደብተሬን ከፈትኩና እንደማንኛውም ደንበኛ «ማኪና» ብዬ ከላይ ጽፌ፣ ከሥሩ ልኳን አሰፈርኩ። ስትንጠለጠል 59። ስትቆም 49።

ከሲጋራው ካርቶን በአራት ሴንቲ ይለያል። አንድ ሴንቲ ቢሆን እጁ ተንቀጥቅጦ ነው እል ነበር። አራት ሴንቲ ግን እጅ አይደለም፤ አሳብ ነው። እንግዲህ ታዴ፣ ምን ላድርግ?

አክስትህ ሣህሊቱ


ቦሎኛ
ታኅሣሥ 2 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለአሞይ ሣህሊቱ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ይድረስዎ።

አላልኩዎትም? 59! ስምንት ሴንቲ ከፍ ያለች መኪና የምትፈልገው ይኸው ነው፤ እኔ በጭንቅላቴ ካሰብኩት በአንድ ሴንቲ ብቻ ነው የሚያንሰው። እግዜር ይስጥዎ፣ ዓይኔን ከፈቱልኝ።

ጋዝ ያለበትን፣ ሲዘረጋ 60፣ ተጨቁኖ ሲገባ 38 የሚሆነውን ገዛሁ። ሽማግሌው «እርግጠኛ ነህ? ለዚህች መኪና ይህ ረጅም ነው» አሉኝ። «አክስቴ አርባ ዓመት ስትለካ የኖረች ናት» አልኳቸው። ከዚህ ወዲያ ምን ይበሉ? ጠቀለሉልኝ።

ለልደት አገር የሚገባ ዘርዓይ የሚባል ልጅ አለ፤ አብረን ነው የምንሠራው። ከእሱ እጅ ራስዎ ይቀበሉ። መንግስትኣብ አይንካቸው፣ አይያቸው። ሌላ ጋራዥ ይግጠማቸው። ቁልፉን ዛሬውኑ ይቀበሉት። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ ዛሬ በአሞርቲዛቶሪ ያልተያዘ ነገ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል።

ልጅዎ ታዴዎስ


አስመራ፣ ጸጸራት
ጥር 6 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለታዴዎስ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰህ። ዘርዓይ ዕቃውን አደረሰ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ሲመለስ ሱሪህን ይዞልህ ይመጣል።

ያልከኝን አድርጌአለሁ። እንዴት እንዳደረግኩት ልንገርህ፤ ለሌላ ለማን እነግራለሁ?

ማክሰኞ ሱቄ መጣ፣ የናቅፋን ተሳፋሪዎች ስም ሊነግረኝ። «መንግስትኣብ፣ ቁልፉን ስጠኝ» አልኩት።

«ሊያሳጥቧት ነው ኣደይ?» አለ። ኣደይ እናቴ ማለት ነው፤ ከመጣ ጀምሮ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው።

«አይደለም። ከእንግዲህ አንተ አትነዳትም።»

የሲጋራውን ካርቶን ቁጥር ከደብተሬ ጎን ጽፌ አሳየሁት። «አንተ 55 ብለሃል። እኔ ለክቼ 59 አገኘሁ። ይህ ምንድን ነው?» ጎንበስ ብሎ ቁጥሬን ረጅም ጊዜ አየው። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣ ደግሞ ይቀለኝ ነበር።

«በምን ለኩት?» አለኝ።

«በሜትሮዬ ነዋ!»

«ሜትሮ አይዋሽም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እኔም አልዋሸሁም» አለኝ።

«እንግዲያው ሐሙስ ሐሙስ በጆንያ የምታወጣው ምንድን ነው?»

ዓይኔን አየኝ። «ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው እንዴ የሚጠብቁኝ?» አለና ቁልፉን ከስፌት ማኪናዬ ላይ አስቀመጠው። አልወረወረውም፤ አስቀመጠው። «ሕራይ ኣደይ» ብሎ ወጣ። እሺ እናቴ ማለቱ ነው። የልጁ ቀሚስ እኔ ዘንድ ለጥምቀት ይሰፋ ነበር፤ እሱንም ሳይወስድ ነው የሄደው።

ለተገብርኤል በሱቄ በር ስታልፍ ሰምታን መሰለኝ። ሲመሽ እዳጋ ሓሙስ ሁሉ ሰምቷል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ይኸው አሁን አንዱ «ነዳጅም ይቀዳ ነበር» ይላል፣ ሌላው «ድሮም ዓይኑ አያምርም»። ከነገ ወዲያ አዲስ ሾፌር ይመጣል፤ አሞርቲዛቶሪውንም አንድ ጋራዥ ይገጥምልኛል።

ሌባ ሲያዝ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

አክስትህ ሣህሊቱ


ቦሎኛ
የካቲት 24 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለአሞይ፤

ከጥር ወዲህ ድምፅዎ ጠፋ። ደኅና ነዎት ወይ? ሱሪው ደርሶኛል፤ ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

አሞርቲዛቶሪዎቹ ተገጠሙ ወይ? ማን ገጠማቸው? እርስዎ ቆመው አይተዋል? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዝምታ ሲረዝም ሰው ብዙ ያስባል። አዲሱን ሾፌርስ ማን አመጣው? የማን ዘመድ ነው?

ልጅዎ ታዴዎስ


አስመራ፣ ጸጸራት
መጋቢት 15 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለታዴዎስ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። እዚህ ሰላም የለም።

አዎን፣ ተገጥመዋል። አዎን፣ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። መካኒኩ ሲያስገባቸው ላቡ ወረደ። «እማማ፣ ይህ በግድ ነው የገባው» አለኝ። አዲስ ስለሆነ ነው አልኩት፤ ሁሉን ነገር አውቅ የለ! ከከተማ እስከ ከረን ማኪናዋ እንደ አልጋ ሄደች ብሎ ሾፌሩ መሰከረ። በሦስተኛው ጉዞ ከአፍዓበት ወዲያ፣ ከደረቁ ወንዝ ሲወጡ፣ የፊት ጎማው አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጣ። ጠመንጃ የተተኮሰ ነው የመሰላቸው። የግራው አሞርቲዛቶሪ የላይኛውን ማሰሪያ ከሻንሲው ላይ ገንጥሎት ወጣ። ማኪናዋ ዘመመችና ከመንገዱ ዳር ተጋደመች።

ሰው አልሞተም፤ ማርያም ይዛቸዋለች። ወይዘሮ ኣብርሄት ግን ቀኝ እጇ ከአንጓው ተሰብሯል። የምትነግደው በዚያ እጅ ነው፤ ቅቤ የምትመዝነው በዚያ ነው። ልጠይቃት ስሄድ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ለተገብርኤል «መንግስትኣብ በሌሊት መጥቶ አንድ ነገር ነካክቶ ይሆናል» አለችኝ። አንድ ቀን ሙሉ አመንኳት፤ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ አፈርኩ። ማኪናዋ የምታድረው እኔ መስኮት ሥር ነው፤ ድመት ሲያልፍ እንኳን እሰማለሁ።

እንግዲህ የቀረኸኝ አንተ ነህ። ልጠይቅህና እውነቱን ንገረኝ። የላክልን ዕቃ አዲስ ነው? ወይስ ከሰው ማኪና የወጣ፣ የተቀባ ነው? መንግስትኣብን የጠረጠርክበትን ነገር አንተ ራስህ አድርገኸው ከሆነ ንገረኝ፤ አልጮህብህም። ሰባት ዓመት ሳጥን የተሸከመ ሰው ርካሹን ቢያነሳ ይገባኛል። ግን ልወቀው።

ሣህሊቱ


ቦሎኛ
ሚያዝያ 3 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለአሞይ ሣህሊቱ፤

ሰላምታ አቅርቤ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ወይዘሮ ኣብርሄት እጅ አዘንኩ። ስለ ቀረው ግን፣ አሞይ፣ አሳዘኑኝ።

አሮጌ ቀብቼ ልላክ? ለገዛ መኪናዬ? ደረሰኙን እዚህ ውስጥ አድርጌልዎታለሁ፤ የገዛሁበት ቀንና ልኩ አለበት። ሄጄ ሽማግሌውንም ተጣላኋቸው። እሳቸው ግን ተረጋግተው ወረቀት አወጡና ሣሉልኝ። «የተሰበረው ከላይ ከሆነ፣ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ከሆነ፣ ረዝሞ ነው። ዕቃው አልከዳችሁም፤ ልኩ ነው የከዳችሁ» አሉኝ። ከዚያ ጎማው ተለውጧል ወይ ብለው ጠየቁኝ። በትልልቅ ተለውጧል ብለው በመጀመሪያው ደብዳቤ ጽፈውልኝ ነበር፤ እኔ ግን አልነገርኳቸውም ነበር። ሳቁብኝ። መኪና በጎማ ከፍ ቢል አሞርቲዛቶሪው አይረዝምም፤ የሚረዝመው በባሌስትራው ከፍ ባለው ልክ ብቻ ነው አሉኝ። አንድ ብረት ሦስት ሴንቲ ያህል ያነሳል። ሃምሳ ሁለትና ሦስት፤ ሾፌሩ የጻፈው 55።

ግን የእርስዎ 59 አለ። እርስዎ በገዛ እጅዎ የለኩት። ስለዚህ ምን እንደምል አላውቅም።

ይልቅ ሱሪውን አመሰግናለሁ፤ ልክ በላዬ ላይ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። አንድ ነገር ብቻ አሳቀኝ። ከወገቡ ውስጠኛ በኩል በጠመኔ 88 ብለው ጽፈዋል። እኔ 84 ነበር የላክሁት። ባገሩ ምግብ ይወፍራል ብለው ነው?

ልጅዎ ታዴዎስ


አስመራ፣ ጸጸራት
ሚያዝያ 28 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለልጄ ለታዴዎስ፤

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። በመጀመሪያ ይቅር በለኝ። ስለ ዕቃው ባንተ ላይ የጻፍኩት ሐሰት ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ስለካ ነው። 88 የምትለው ላይ ስደርስ ሜትሮው ከእጄ ወደቀ። ልጅቷን «ነገ ነዪ» ብዬ ሸኘኋትና ሱቁን ዘጋሁ።

አዎን፣ አንተ 84 አልክ፤ እኔ 88 ጻፍኩ። ሁለት ሴንቲ ከዚህ፣ ሁለት ሴንቲ ከዚያ። ስፌቱ የሚበላው ነው። ልብስ ሰፊ የሰው ልክ አይጽፍም፤ የሚቆረጠውን ነው የሚጽፈው። ያስተማሩኝ ጣሊያናዊት ሴትዮ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቴ ልኩን ራሱን ስጽፍ ካዩ በሜትሮው ጣቴን ይመቱኝ ነበር፣ ጨርቅ አጥሮ አይረዝምም እያሉ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ አንድ ቁጥር ያያል፣ እጄ ሌላ ይጽፋል፤ አሳቤ በመካከላቸው አይገባም።

ወደ ቤት ሄጄ ተጎትታ የመጣችውን ማኪና በክሪክ አነሳሁና፣ ባልተገነጠለው በቀኙ በኩል ከሥሯ ገባሁ። ሜትሮውን ዘረጋሁ። ሃምሳ አምስት። ጮክ ብዬ «ሃምሳ አምስት» አልኩ። ወጥቼ ደብተሬን አነሳሁና፣ ታዴ፣ እያወቅኩት፣ እየተናገርኩት፣ እጄ 5 ጻፈና ቀጥሎ 9 ጻፈ። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የማይሰፋ ብረት ላይ የስፌት ትርፍ ጨምሬ የሰው ስም ቀደድኩ። አስሬ ለካ አንዴ ቁረጥ ይባላል፤ እኔ አንዴ ለክቼ ሰው ቆረጥኩ።

ከማኪናዋ ወንበር ሥር አንዲት የወይራ በትር አገኘሁ። መንግስትኣብ ልኩን የወሰደባት ናት፤ ከጫፏ እስከ ጫፏ አንዱ ልክ፣ ወደ አንዱ ጫፏ ቀረብ ብሎ በቢላ የተቆረጠው ምልክት ሌላው። ሳሕል ሜትሮ ስላልነበረ እንደዚያ ነው የለመደው። በትሯን ይዤ ሳልቀይር፣ ነጠላዬን እንኳን ሳላስተካክል ወጣሁ።

እዳጋ ሓሙስ ፌርማታው ላይ አገኘሁት። ጆንያ እየተሸከመ ነበር። ከጥር ጀምሮ ቁልፍ የሰጠው ሰው የለም፤ «የሣህሊቱ ሌባ» ነው ስሙ። ሾፌሮቹ ሁሉ ቆመው ነበር፤ ስድቤ በአደባባይ ስለተሰማ እውነቱንም በአደባባይ ተናገርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «መንግስትኣብ ልኩን እውነት ለክቷል። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። 84ንና 88ን፣ ስፌቱንም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። የሳቁ ነበሩ። ይሳቁ።

አንድ ሽማግሌ ሾፌር ደግሞ ያላወቅኩትን ነገረኝ። የሐሙሱ ጆንያ ውስጥ የነበሩት አሮጌዎቹ አሞርቲዛቶሪዎች ናቸው። አዲሱ እስኪመጣ ሰው እንዳይንገላታ ብሎ፣ መደበር ወደሚባለው ገበያ ወስዶ ብረት ቀጥቃጮቹ ዘንድ ከፍቶ ዘይት ሊያስሞላቸውና ሊያስረዝማቸው ይለፋ ነበር፤ በገዛ ኪሱ። ሲያልቅ ሊያሳየኝ ነበር አሉ።

መንግስትኣብ ጆንያውን ከትከሻው ሳያወርድ ሰማኝ። «ኣደይ፣ ልኩንማ እኔ አውቀው ነበር» አለኝ። «እነዚህ እንዲያውቁት ነበር የምፈልገው።» ከዚያ ጆንያውን አደረሰና ተመለሰ።

ቁልፉን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። «ማኪናዋ ቆማ እያለች ቁልፍ ምን ያደርግልኛል? ልኳ ሲመጣላት እመጣለሁ» አለ። ምሬት ነው እንዳልል ድምፁ እንደ ድሮው ነበር፤ ይቅርታ ነው እንዳልልም ዓይኔን አላየኝም። የልጁን ቀሚስ ግን ተቀበለኝ። ወይዘሮ ኣብርሄትንም ሄጄ ነግሬአታለሁ። እስካሁን አላናገረችኝም፤ ቅቤዋን በየጠዋቱ እየሄድኩ እኔ እመዝንላታለሁ፣ ቁጥሩን ግን ልጇ ናት የምትጽፈው።

አንተም ለሱ በእጅህ ጻፍለት። ያስጠረጠርከኝ አንተ ነህ፤ ያመንኩህ ደግሞ እኔ ነኝ። አማርኛ ያነባል።

ደብዳቤዬን ለሚያመጣልህ ሰው ረጅም ጥቅል ሰጥቼዋለሁ። ውስጡ የመንግስትኣብ በትር ነው። ሰጥቶኝ ነው፤ ለምኜው። ለመለዋወጫ ሻጩ ሽማግሌ ወስደህ እሷኑ አስይዛቸው፤ በእሷ ልክ ይምረጡልን። ስንት ነው ቢሉህ ራሳቸው ይለኳት። እኔ ቁጥር አልጽፍልህም።

አሞኽ ሣህሊቱ